ለወገን ስለ መጮህ

በአማርኛ «ወገን» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በሥጋ የሚዛመድ ዘመድ ነው፤ ሁለተኛው በጠብ ወይም በክርክር ጊዜ ከአንዱ ጐን የሚቆም ረዳት ነው። ለሁለቱ አንድ ቃል መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ሰው ዘመዱን ለይቶ የሚያውቀው በችግር ቀን ከጐኑ ሲቆም ነውና። ነገር ግን ከዚሁ ቃል ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ይወለዳል፤ ይኸውም ሰው ወገኑን ሲወድ የሌላውን ወገን ጕዳት መመኘቱ የማይቀር ነውን? ወይስ አንዱ ያለ ሌላው ሊሆን ይችላል? የሚል ነው። ይህን ሊቃውንት በብዙ መጻሕፍት መርምረውታል፤ ነገሥታትም ብዙ ጊዜ በጦር መልሰውታል። ከዚህ በታች የሚነገረው ግን ከመጽሐፍም ከጦር ሜዳም የመጣ አይደለም፤ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በኳስ ጨዋታ መካከል አባቷን የጠየቀችው ነው።

አባትዮው በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ከሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ካገሩ የወጣው ጐልማሳ ሆኖ ስለ ነበረ የዚያን አገር ጨዋታ በልጅነቱ አልተማረውም፤ ከዚያም ወዲህ ሥራና የቤት ኪራይ ሌላ ነገር እንዲመለከት ጊዜ አልሰጡትም። ልጂቱ ግን እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት፤ በትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ መጫወት ከጀመረች ወዲህም ስለ ሌላ ነገር መናገር ትታ ነበር። ስለዚህ በብርድ ወራት በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ፥ ነጠላዋን አጥፋ በመኪናው ወንበር ላይ አኖረችና ኤሊ የተሣለበት ቀይ ሹራብ ለብሳ አባቷን ይዛው ሄደች። ይዛው ሄደች መባሉ ትክክል ነው፤ ገንዘቡን የከፈለና መኪናውን የነዳ እርሱ ቢሆንም፥ የሚሄዱበትን ነገር የምታውቀው እርሷ ነበረችና።

የሄዱት ከከተማቸው ብዙም ወደማይርቀው፥ ኮሌጅ ፓርክ ወደሚገኘው ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1856 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ ሴቶች ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1916 ነው። ዛሬ የሴቶቹ የቅርጫት ኳስ ቡድን በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በ2006 የዱክን ዩኒቨርሲቲ በተጨማሪ ሰዓት 78 ለ75 አሸንፎ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷል። የሚጫወቱበት አዳራሽ በ2002 የተከፈተ ሲሆን 17,950 ሰው ያስቀምጣል። የቡድኑም ምልክት ኤሊ ነው፤ ለሩጫ ጨዋታ ኤሊን ምልክት ማድረግ ለአባትዮው እንግዳ ነገር ሆኖበት ሲገባ ፈገግ አለ።

ጨዋታው እንደ ተጀመረ ልጂቱ መምህር፥ አባትዮው ተማሪ ሆነ። ፊሽካ በተነፋ ቍጥር «አሁን ምን ሆነ?» እያለ ይጠይቃት ነበር፤ እርሷም ሳትሰለች ትመልስለታለች። በዚህ መካከል አንዲት የእንግዳው ቡድን ተጫዋች ከሩቅ ወርውራ ኳሷን የብረቱን ቀለበት ሳታስነካ ብታስገባ፥ ልጂቱ ደስ ብሏት አጨበጨበች። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጐንበስ ብለው፥ ያችኛዋ የእኛ አይደለችም ሲሉ በፈገግታ ነገሯት። ልጂቱም ዐፍራ እጇን ሰበሰበች።

ጥቂት ቈይቶ ያችው ተጫዋች ኳስ ይዛ ወደ ቅርጫቱ ስትዘል አንዲቱ የሜሪላንድ ልጅ ክንዷን መታቻትና ወለሉ ላይ ወደቀች። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ልጂቱ ነገሩን በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ ልትጨርሰው ስትሞክር ቃል አጠራት፤ በዚህ ጊዜ አባትዮው፥ «ገባኝ፤ ተበድላለችና ካሳ ይሰጧታል ማለት ነው» አለ። «ካሳ ምንድን ነው?» አለችው። እርሱም ባደገበት አገር አንድ ሰው ሌላውን ሲበድል ሽማግሌዎች በመካከል ተቀምጠው ነገሩን እንደሚሰሙ፥ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምን፥ ለተበዳዩ ካሳ እንደሚቈረጥለት፥ ተበዳዩም በደሉን ሲናገር ማንም ቃሉን እንደማያቋርጠው በአጭሩ ነገራት። ካገሩ ይህን ያህል ነገር ሲነግራትና እርሷም በጥሞና ስትሰማው ብዙ ጊዜ አልነበረምና ደስ አለው።

ወዲያው ግን ተጫዋቿ ተነሥታ በመስመሩ ላይ ብትቆም አዳራሹ በሙሉ ጮኸባት። ከቅርጫቱ በስተኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ፤ ፊት ለፊት እያዩአት ያፏጫሉ። አባትዮውም ምክንያቱን ሳይጠይቅ፥ ከሕዝቡ ጋራ አንድ መሆን ደስ ስላለው፥ ብድግ ብሎ ጮኸ። በዚያን ጊዜ ልጂቱ የካፖርቱን እጅጌ ይዛ፥ «አባዬ፥ የተበደለችው እኮ እርሷ ናት፤ ታዲያ ለምን እንጮኽባታለን?» አለችው።

አባትዮውም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ጨዋታ ነው፥ ልጄ» አላት።

ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን መልስ መሆኑ ያጠራጥራል። ልጂቱ የጠየቀችው ነገር ከጨዋታው ውጭ የመጣ ሳይሆን ከራሱ ከጨዋታው ሕግ ውስጥ የወጣ ነውና፥ የሕጉን አመጣጥ ማየት ይገባል።

የቅርጫት ኳስን የፈጠረው በካናዳ የተወለደው ጄምስ ኔይስሚዝ ነው። ይህ ሰው የነገረ መለኮትን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የወወክማ ሠራተኞች በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በ1891 በታኅሣሥ ወር፥ ተማሪዎቹ በብርድ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ እንዲያዘጋጅ ታዝዞ፥ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች በአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቀለ። ሰገነቱ ከወለሉ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ነበረ ቀለበቱ እስከ ዛሬ በዚያው ከፍታ ይሰቀላል። ከዚያም ዐሥራ ሦስት ሕጎች ጻፈ። ዐሳቡም ጨዋታው በጕልበት የሚያልቅ እንዳይሆን ነበርና፥ ኳስ ይዞ መሮጥን፥ መግፋትን፥ መጥለፍን፥ መምታትን ከለከለ። አንድ ወገን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ቢያጠፋ ለተቃዋሚው አንድ ግብ ይቈጠርለት ነበር። በዚህ የመጀመሪያ ሥርዐት ካሳው የሚከፈለው ለቡድኑ እንጂ ለተመታው ሰው አልነበረም።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ በዚህ ፈንታ ከመስመር ላይ ያለ ከልካይ መወርወር ተፈቀደ፤ የመስመሩም ርቀት 4 ሜትር ከ57 ሴንቲሜትር ሆነ። ነገር ግን በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቡድን ከሁሉ ይልቅ መወርወር የሚችለውን አንድ ሰው መርጦ፥ ማንም ቢበደል እርሱ ስለ ሁሉ ይወረውር ነበር፤ ለሰው ሁሉ አንድ ጠበቃ እንደሚቆም ማለት ነው። በ1923 ይህ ተለውጦ የተበደለው ሰው ራሱ እንዲወረውር ተደነገገ። ይህን የሕግ ለውጥ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ከዚያ ወዲህ በጨዋታው ውስጥ ከሌላው ሁሉ የተለየች ሰዓት ተገኘች። ሌላው ጊዜ የዐሥር ሰዎች ግፊያ ነው፤ በዚህች ሰዓት ግን ዘጠኙ ቆመው አንዷ ብቻ ዐሥር ሰከንድ ተሰጥቷት ያለ ምንም ከልካይ በቀለበቱ ፊት ትቆማለች። ተቃዋሚ ተጫዋች እጁን አወናጭፎ ወይም ጮኾ ቢያውካትና ብትስት፥ ሕጉ ውርወራውን ደግማ እንድትወረውር ያደርጋል። እንግዲህ ሕጉ ለተጫዋቾች የከለከለው ነገር፥ ተመልካቹ በሙሉ ኀይሉ የሚያደርገው ነገር ነው።

ልማዱም የዚያ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ የተስፋፋ ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ2013 ጀምሮ በቅርጫቱ ኋላ መጋረጃ ዘርግተው፥ እንግዳው ሊወረውር ሲል መጋረጃውን ገልጠው ልዩ ልዩ አስቂኝ ነገር ያሳዩት ጀመር፤ በ2016 ስመ ጥሩው የኦሊምፒክ ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ የዋና ሱሪ ብቻ ለብሶ ከዚያ መጋረጃ ወጥቷል። ይህን ያየ ሰው ሳይሥቅ መቅረቱ ያጠራጥራል። ጩኸቱና ትርኢቱ የሚያመጣው ጥቅም ግን ከድካሙ ጋራ ሲመዘን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም፤ የኮሌጅ ተጫዋቾች ብዙ ዐሥር ዓመታት ሙሉ ከዐሥሩ ሰባት ያህሉን ሲያስገቡ ኖረዋል።

ለጩኸቱ የሚከራከሩ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት አይቻልም። ተጫዋቿ ሕፃን አይደለችም፤ በጩኸት መካከል ለመወርወር ተለማምዳ መጥታለች፤ አሠልጣኞችም በልምምድ ጊዜ የተቀዳ ጩኸት በድምፅ ማጕያ የሚያሰሙት ስለዚህ ነው። ዝም ቢሏት እንደ ናቋት ልትቈጥረው ትችላለች፤ የሚጮኽበት የሚፈራ ሰው ነውና። ደግሞም በጨዋታ ውስጥ የሚደረገው ነገር ከጨዋታ ውጭ በሚደረገው ሚዛን አይመዘንም። በኢትዮጵያ በገና ጨዋታ ሎሌ ጌታውን በግጥም ቢሰድበው በማግሥቱ አይከሰስበትም ነበር፤ «በገና ጨዋታ አይቈጡም ጌታ» መባሉም ስለዚህ ነው። አባትዮው ለልጁ «ጨዋታ ነው» ሲላት ያሰበው ምናልባት ይህንኑ ይሆናል።

ይህ ክርክር ከግማሹ በላይ እውነት ነው። የሌላው መሸነፍ ለተሸናፊው በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሊሸነፍ የማይችል ሰው ማሸነፉ ምንም ዋጋ የለውምና፥ ወደ ሜዳ የገባ ሁሉ መሸነፍን አስቀድሞ ተቀብሎ ነው። ስለዚህ «የእኛዎቹ ያሸንፉ» ማለት የጎረቤት ላም ትሙት እንደ ማለት አይደለም። የገናው ምሳሌ ግን ሙሉ በሙሉ አይስማማም። በገና ጨዋታ ሰዳቢውም ተሰዳቢውም በትር ይዘው በአንድ መስክ ላይ ነበሩ፤ ተሰዳቢው ግጥም መመለስ ይችላል፤ የሚሰደበውም ብዙውን ጊዜ በሌላው ቀን ማንም የማይደፍረው ታላቅ ሰው ነው። እዚህ ግን በወንበሩ ላይ የተደላደለ ብዙ ሺሕ ሰው፥ አፍዋን ከፍታ ልትመልስለት በማትችል በአንዲት ልጅ ላይ ይጮኻል፤ ያውም በተመታችበት ነገር። ያ ጨዋታ ትንሹን ለአንድ ቀን ከፍ ያደርገው ነበር፤ ይኸኛው ብዙውን በአንዷ ላይ ያነሣዋል።

የነገሩ ፍሬ ያለው በሁለት ምኞቶች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። አንዱ ምኞት፥ የእኛዋ ከዚያችኛዋ ትብለጥ ይላል፤ ሁለተኛው፥ ያችኛዋ ከራሷ ትነስ ይላል። በነጥብ መዝገብ ላይ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም፤ በሰው ልብ ውስጥ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። በመጀመሪያው ምኞት ያለ ሰው የተቃዋሚውን መልካም ሥራ ሲያይ ይሰጋል እንጂ አያዝንም፤ እንዲያውም ተቃዋሚው በበረታ ቍጥር የወገኑ ክብር ይጨምራል። በሁለተኛው ያለ ሰው ግን መልካም ነገር በዐይኑ ፊት ሲሠራ ይከፋዋል፤ ይህም ትንሽ ሕመም አይደለም። ልጂቱ በሩቁ ውርወራ ጊዜ ያጨበጨበችው ከሁለቱ አንዱንም ሳትይዝ ነበር፤ መልካም ነገር አየችና ደስ አላት። ሽማግሌው በፈገግታ ያረሟት ስሕተት ይህ ነው።

ሕዝብ በተሰበሰበበት ትርኢት የሰው ልብ ምን እንደሚሆን የጥንት አባቶች በሚገባ ያውቁ ነበር። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ399 በቍስጥንጥንያ፥ ምእመናኑ ቤተ ክርስቲያንን ትተው ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ቲያትር ስለ ሄዱበት በብርቱ ገሥጿቸዋል። አውግስጢኖስም ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈው ለዚህ ነገር የተመቸ ነው። አሊጲዮስ በሮም ሕግ ሲማር ጓደኞቹ ሰዎች እየተጋደሉ ወደሚሞቱበት ትርኢት በግድ ቢወስዱት፥ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ነገር ግን አንዱ ተጋዳይ ሲወድቅ ሕዝቡ ቢጮኽ ለማየት ቢጓጓ ዐይኑን ገለጠ፤ ከዚያ በኋላ ሲጮኹ ከሚጮኹት አንዱ እርሱ ሆነ፤ በሌላም ቀን ራሱ ሌሎችን እየጐተተ ይመጣ ጀመር። ደም የሚፈስበትን ያንን ትርኢት ከልጃገረዶች ኳስ ጋራ ማስተካከል ሞኝነት ነው። ቢሆንም አሊጲዮስን ያሸነፈው በመጀመሪያ ያየው ነገር አልነበረም፤ የሰማው ድምፅ ነው። አባትዮውም ሕጉን ሳያውቅ፥ ተጫዋቿን ሳይጠላ፥ ድምፁን ሰምቶ ተነሣ።

ያለ ምክንያት የተያዘ ወገን ደግሞ ከጊዜ በኋላ ምክንያት ሳይፈጥር አይቀርም። በቍስጥንጥንያ ሰማያዊና አረንጓዴ የተባሉት ወገኖች የተለዩት ሠረገላ ነጂዎቹ በሚለብሱት ቀለም ነበር፤ በ532 ግን በነርሱ የተጀመረው ሁከት ንጉሡን ዮስጢንያኖስን እስከ መቃወም ደርሶ የቀድሞይቱ የቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ የታሪክ ጸሓፊው ፕሮኮጲዮስ እንደሚለው በእሽቅድምድሙ ሜዳ ውስጥ 30,000 ያህል ሰው ተገደለ። ነገሩን ከዚያ ሩቅ ዘመን ብቻ መፈለግም አያስፈልግም። በዚያው በኮሌጅ ፓርክ፥ ከዛሬው አዳራሽ በፊት ባገለገለው ኮል ፊልድ ሃውስ በሚባለው አዳራሽ፥ በ1966 የቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ ዐምስት ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፎ፥ ሁሉም ነጮች የነበሩትን የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች 72 ለ65 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በፊት ዐምስቱንም ጥቁሮች አሰልፎ ያንን ዋንጫ የወሰደ ቡድን አልነበረም። ኔይስሚዝ በጻፋቸው ዐሥራ ሦስት ሕጎች ውስጥ ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ቃል የለም፤ ያን ወገን ወደ ጨዋታው ያገባው ሕጉ አይደለም።

ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ ይህን ይመስላል ማለት ግን ስሕተት ነው። በአየርላንድ፥ በሊመሪክ ከተማ፥ ቶመንድ ፓርክ በተባለው ሜዳ ሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ራግቢ የሚባል ጨዋታ ይደረጋል። በዚህም ጨዋታ የተበደለው ቡድን በካሳ ኳስ እንዲመታ ይፈቀድለታል። የዚያ ከተማ ሰዎች ወገናቸውን በመውደድና በመዘመር የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን መቺው ኳሱን አስተካክሎ ሲቆም፥ የወገናቸውም ይሁን የእንግዳው፥ ብዙ ሺሑ ሰው በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ጸጥታው ከጩኸት ይልቅ እንግዳውን ያስፈራዋል የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ማንም ዝም በማለቱ በሌላ ሰው ላይ በደል አይሠራም።

ነገሩ ወደ ሜሪላንድ አዳራሽ ይመለስ። ከዕረፍት በኋላ የሜሪላንድ ተጫዋች በተራዋ ተመትታ በመስመሩ ላይ ቆመች። በዚያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ፥ ከቅርጫቱ ኋላ ያሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ፥ ጸጥ አለ፤ ኳሷ ወለሉን ስትመታ ድምፅዋ እስከ ላይኛው ወንበር ይሰማ ነበር። ልጂቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «አሁን ሁሉም ዝም አለ» አለች። እንደ ጥያቄ አልተናገረችውም፤ አባትዮው ግን እንደ ጥያቄ ሰማው። ለተበደለ ሰው ምን እንደሚገባው ይህ ሕዝብ ያውቃል ማለት ነውና። የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም በጮኸ ነበር። ለወገኑ የሰጠው ጸጥታ በሌላዋ ላይ በጮኸው ጩኸት ላይ ይመሰክርበታል።

ልጂቱ ከአባቷ ይልቅ ይህን ቀድማ ማየቷ የሚያስደንቅ አይደለም። እርሷ ከቤታቸው በስተኋላ ባለው ሜዳ በየማታው ያንኑ ውርወራ ትለማመዳለች፤ ጕልበት ሲንቀጠቀጥ፥ እጅ በላብ ሲረጥብ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ስለዚህ በመስመሩ ላይ የቆመችው እንግዳ ለእርሷ በመጀመሪያ የእጇ ሥራ ባልደረባ፥ ከዚያ በኋላ የሌላ ወገን ሰው ናት። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ በሕዝብ ፊት መቆሟም ገና የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ1893 በማሳቹሴትስ በስሚዝ ኮሌጅ ሴቶች ተማሪዎች የመጀመሪያውን የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ሲያደርጉ ወንዶች ገብተው እንዳያዩ ተከልክለው ነበር፤ አባት የሆነ ሰው ልጁን ይዞ ሊቀመጥ አይችልም ነበር ማለት ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ የሚያዝዘው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1972 ነው። በ1975 በኮል ፊልድ ሃውስ የሜሪላንድ ሴቶች ከኢማኩላታ ኮሌጅ ጋራ የተጫወቱት ጨዋታ በመላው አገር በቴሌቪዥን ታየ፤ አሸናፊዋም ትንሿ የካቶሊክ ኮሌጅ ኢማኩላታ ነበረች። የዚያች ኮሌጅ መነኮሳይያት በዚያ ዘመን በጨዋታ ጊዜ የብረት ባልዲ እየደበደቡ ልጆቻቸውን ያበረታቱ እንደ ነበረ ይነገራል። ለወገን መጮህ ሁሉ ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር እነዚህን ባልዲዎች ያስብ፤ የገዛ ልጅን ለማበርታት የሚደረግ ሁካታ የማንንም ካሳ አይነካም።

አባትዮውን የያዘው ጭንቀት ግን ከዚህ ሁሉ የጠለቀ ነበር፤ ለእርሱም መፍረድ ቀላል አይደለም። ልጁን ወደዚያ አዳራሽ ያመጣት ኳስ ወዶ አይደለም። እርሱ በዚያ አገር «እኛ» ሲል ምን ጊዜም ቃሉ ይከብደዋል፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋራ ሲሆን «እናንተ» ይላል፤ ያገሩን ነገር ሲያወራ ደግሞ «እኛ» የሚላቸው ሰዎች ከባሕር ማዶ ናቸው። ልጁ ግን እንደ እርሱ በሁለት አገር መካከል ተንጠልጥላ እንድትቀር አይፈልግም፤ ምንም ሳትጠራጠር «እኛ» የምትልበት ስፍራ እንዲኖራት ይመኛል። ብዙ ሺሕ ሰው አንድ ቀለም ለብሶ አንድ ቃል ሲናገር፥ ልጁም በመካከላቸው ስትናገር ሲያይ፥ ያ የተመኘው ነገር የተገኘ መሰለው። እንግዲህ «አትጩኺ» ቢላት በገዛ እጁ እንግዳ ሊያደርጋት ነው፤ «ጩኺ» ቢላት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት ስለ ካሳና ስለ ሽማግሌዎች በደስታ የነገራትን እርሱ ራሱ ሊያፈርሰው ነው። ወገን የሚገኘው በዚህ ዋጋ ከሆነ ዋጋው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስደተኛ ላልሆነ ሰው ይህን ዋጋ አትክፈል ብሎ መምከር አይከብደውም።

በመጨረሻው ሩብ ሰዓት የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተቀራረበ። ደቂቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ያችው በመጀመሪያ የወደቀችው እንግዳ እንደ ገና ተመትታ ሁለት ውርወራ ተሰጣት። አዳራሹ ተነሣ። አባትዮው በዚህ ጊዜ ከወንበሩ አልተነሣም፤ እጆቹንም በጕልበቶቹ መካከል አድርጎ ዝም አለ። ከጐኑ ግን ልጂቱ ብድግ ብላ ወንበሯ ላይ ወጥታ፥ ሁለት እጆቿን እያወናጨፈች፥ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሙሉ ድምፅዋ ትጮኽ ነበር። ፊቷም በደስታ በርቶ ነበር። የመጀመሪያው ኳስ ቀለበቱን መትቶ ወጣ፤ አዳራሹ በእልልታና በፉጨት ተናወጠ።

ልጂቱ ወደ አባቷ ዘወር ብላ ዝም ብሎ መቀመጡን ብታይ እጆቿን በመጠኑ ዝቅ አደረገችና፥ «አባዬ፥ አንተ ለምን አትጮኽም?» አለችው።

«ጕሮሮዬን አሞኝ ነው» አላት።

ልጂቱም አመነችው። ከወንበሩ ወርዳ የውሃ ጠርሙሷን ከእግሯ ሥር አንሥታ ክዳኑን ከፍታ አቀበለችው፤ እስኪጠጣም ድረስ እያየችው ቆመች። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው ዞረች፤ ሁለተኛው ውርወራ ገና ነበረ።